የድስቷ ሃይማኖት

ድስቷ ስትመጣ ሃይማኖት አልነበራትም። ሃይማኖት የሰጠናት እኛ ነን። እሷ ምስኪን ከፋብሪካ ወጥታ፣ መርከብ ተሳፍራ፣ በጅቡቲ በኩል ዞራ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ስትደርስ የምታውቀው ነገር ቢኖር ባቄላ ቶሎ ማብሰል ብቻ ነበር።

መቅዲ እባላለሁ። ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ምግብ ቤት አለኝ። ምግብ ቤት ስላችሁ ሆቴል እንዳይመስላችሁ፤ ስድስት ጠረጴዛ ነው፣ ስድስተኛው እግሩ ስር የታጠፈ ካርቶን ገብቶለታል። ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያበላኝም የሚያናድደኝም ይኸው ቤት ነው። ከግድግዳው ማዶ የፈድሊያ ምግብ ቤት ነው። የእኔ ደንበኞች የክርስቲያን ሥጋ ይበላሉ፣ የእሷ ደንበኞች የሙስሊም ሥጋ ይበላሉ፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ በደንበኛ ተቀያይመን አናውቅም። እግዜርም አላህም ገበያችንን አስቀድመው ከፋፍለውልናል። ጓሮው ግን የጋራ ነው፣ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ሐሜቱም የጋራ ነው።

እኔ በቅቅል እታወቃለሁ። ሹፌሩም፣ የቡና ነጋዴውም፣ ከቢሮ የሚጠፋው ሠራተኛም ለምሳ ቅቅል ብሎ ነው የሚመጣው። ቅቅል ደግሞ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን እንጨት ይበላል። አሥራ አንድ ዓመት እሳት ስር ተጎንብሼ እፍ ስል ኖርኩና ባለፈው ዓመት ሳል ያዘኝ። የዋዛ ሳል አይደለም፤ ደንበኛ ሒሳብ ሳይጠይቅ ተነስቶ እንዲሄድ የሚያደርግ ሳል ነው። ሐኪሙ የደረቴን ፎቶ በመብራት አየና "ከጭስ ይራቁ" አለኝ። አንቱ ብሎኝ፣ በትሕትና። እንጨት ካላቆምኩ ዓመት ሳይሞላኝ ደረጃ መውጣት እንደሚያቅተኝም ነገረኝ። ሌላ ሥራ የለኝም ስለው "እሱን እንግዲህ እርስዎ ያስቡበት" አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። አስቤበት ወጣሁ። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተውሼ ሞከርኩ፤ ገና ሲግል ብሬከሩ ይወርድና የእኔም የፈድሊያም ቤት ይጨልማል። እንግዲህ ወይ እስትንፋሴን ወይ ቤቴን መምረጥ ነበረብኝ።

በዚህ መሀል ነው ሊዮል የመጣው። ሊዮል ከአዲስ አበባ የተላከ ልጅ ነው፤ አሥራ አራት ኪስ ያለው ሰደርያ ይለብሳል፣ አንዱም ኪስ ውስጥ ምንም የለም። "ጭስ አልባ ጓዳ" የሚባል ፕሮጀክት ይዞ ነው የመጣው። ለአነስተኛ ምግብ ቤቶች የኤሌክትሪክ ፕሬሸር ድስት ይሰጣሉ። ትንሽ መብራት ነው የምትፈልገው፣ ብሬከር አታወርድም፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን በአርባ ደቂቃ ትጨርሳለች። እኔ የሰማሁት "አትጨስም" የሚለውን ብቻ ነው። ሌላውን በቻይንኛ ቢነግረኝም ግድ አልነበረኝም።

ሦስት ቀን አሠለጠኑን። በሆቴል አዳራሽ፣ በስክሪን፣ እንዴት ባቄላ እንደሚቀቀል ነገሩን። እኔና ፈድሊያ ባቄላ ስንቀቅል አሠልጣኙ ገና አልተወለደም፤ ይሁን፣ ውሎ አበል ነበረው። የእንጨት ጭስ ሳንባን እንዴት እንደሚጎዳም በሥዕል አሳዩን። ምሳው ግሩም ነበር፤ ሆቴሉ ጓሮ በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራ ነው፣ ሽታው አዳራሹ ድረስ ይመጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድስቱ ታደለ። አንድ ድስት ለሁለት ሴት። ለምን ለሁለት ብለን ጠየቅን። ሃያ ድስት ነው የመጣው፣ ለሁለት ሲሆን ተጠቃሚው አርባ ይሆናል አለ ሊዮል፤ ሪፖርት ላይ አርባ ከሃያ ያምራል። ጓሯችን የጋራ ስለሆነ እኔንና ፈድሊያን አጣመሩን።

"ልጄ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት" አልኩት።

"እትዬ መቅዲ፣ ፕሮጀክታችን በሃይማኖት ልዩነት አያደርግም" አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

"እናንተ ባታደርጉ ሥጋው ያደርጋል።"

ፈገግ አለና ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። ከዚያ ደንቡን አነበበልን። ሁለታችንም እንጠቀማለን፣ ሁለታችንም በየቀኑ ያበሰልነውን ጽፈን እንፈርማለን። ሥጋ ደግሞ ግዴታ ነው፤ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ሥጋ ስለሆነ ፕሮጀክቱ የሚለካው በሥጋ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ገምጋሚ ይመጣል። ከሁለታችን አንዷ የማትጠቀም ከሆነ ድስቷ ተነስታ አጎራባቿ ሰቃ ከተማ ላሉ ሴቶች ትሰጣለች።

መቼ እንደታደለች ልንገራችሁ። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ በዋሉበት ወር። ከአሥራ ሁለት ወር መርጠው፣ አገር ምድሩ ጾሞ በዋለበት፣ ለምግብ ቤት ድስት። ይስጣቸው። ግን እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወር የተሻለ ደግ ጊዜ አላየሁም። ጓሮው ውስጥ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ሶኬት አስገጠምን፣ ድስቷን እዚያ አስቀመጥናት። ጠዋት ለእኔ ምስርና ሽምብራ፣ ከሰዓት ለፈድሊያ የማፍጠሪያ ሾርባ። ሥጋ የሚባል ነገር በሁለታችንም በኩል አልነካትም፤ የእሷ ሾርባ እንኳ በአጃ ነበር። የእኔ ሳል ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ከባጃጅ ተራ እስከ ገበያ ሳላርፍ ሄጄ ተመለስኩ።

ፈድሊያ "አልሐምዱሊላህ፣ ፊትሽ ተመለሰ" አለችኝ።

ኢድ ደረሰ። ፈድሊያ ሥጋ ትጀምራለች፣ ጥቂት ቆይቶ ፋሲካ ይመጣል፣ እኔም እጀምራለሁ። ያን ጊዜ ነው ድስቷ ጣጣ ያመጣችው። ቀድማ የምታበስልባት የራሷ ታደርጋታለች፣ ሌላዋ በባዶ እጇ ትቀራለች። ሁለተኛ የውስጥ ድስት ስጠን ብለን ለሊዮል ደወልን፤ በጀት ውስጥ የለም አለ። ቢሰጠንስ፤ ክዳኗ አንድ ነው፣ ክዳኗ ላይ ያለው ላስቲክም አንድ ነው፣ ላስቲክ ደግሞ ሽታ የገባበት አይለቅም።

ታላላቆችን እንጠይቅ ተባባልን። እኔ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፣ "በደንብ ይታጠብ እንጂ ብረት ምን ሃይማኖት አለው" አሉኝ። እሷም ሼኩን ጠየቀች፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይሠራበት ብለው ፈቀዱላት። ሃይማኖቱ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ችግር አልነበረበትም። ችግሩ ደንበኛው ነው። ደንበኛ ከቄሱም ከሼኩም በላይ ሃይማኖተኛ ነው። መስጊድ ከገባ ዓመቱ የሆነው፣ ቅዳሴ ማለት ምን እንደሆነ የረሳው፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ጻድቅ ይሆናል። የፈድሊያ ደንበኞች ሀጂ ሀቢቡላህን አይተው ነው የሚገቡ የሚወጡት፤ ሀጂ የቡና መጋዘን ያላቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ቁርሳቸውን እሷ ዘንድ ነው የበሉት። እሳቸው ከበሯ ቢቀሩ አንድም ሰው አይገባላትም።

ስለዚህ ተስማማን። ድስቷ ጾመኛ ትሁን። ዓመቱን ሙሉ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ ብቻ። ጠዋት ባቄላውን አንድ ላይ እንቀቅላለን፣ ግማሹን እሷ ትወስድና ፉሏን ትሠራለች፣ ግማሹን እኔ። ሥጋችንን በየጓዳችን በእንጨት። የሥጋውን ደንብ ገምጋሚው ሲመጣ እናስብበታለን። ፈድሊያ እጇን ዘርግታ "ቃል?" አለችኝ። "ቃል" አልኳት። ፈድሊያ ስለ ቃል ስትናገር አትቀልድም። ግብር ሰብሳቢ ሲጠይቃት እንኳ የማትዋሽ ሴት ናት፤ እኔ ይኼን እንደ በሽታ ነበር የማየው።

ፋሲካ መጣ። እንኳን አደረሳችሁ። እንጨቱ ተመለሰ፣ ጭሱ ተመለሰ፣ ሳሉም የሄደበትን ወር ሁሉ ሊክስ ነው መሰለኝ ከነወለዱ ተመለሰ። ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ ግድግዳ ተደግፌ መቆም ጀመርኩ። ቅቅሉን ትቼ ሽሮ ብቻ ልሽጥ ብዬ አንድ ቀን ሞከርኩ። ሹፌሮቹ ሽሮውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ "ማን ሞተ?" ብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ፈድሊያ የእህቷ ልጅ ኒካህ ኖሮባት ለሁለት ቀን ሰቃ ሄደች። ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ድስቷ ቁጭ ብላለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ቅልጥም አገባሁባት።

አርባ አምስት ደቂቃ። ወንበር አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቅቅል እየበሰለ ቁጭ ያልኩት ያን ቀን ነው። ፊሽካዋ ጮኸ፣ ከፈትኩ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለቃል። አልሳልኩም። ትንሽ አለቀስኩ፣ መቼም ጭስ ነው አልልም።

ከዚያ ማጠብ። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ፣ እንደገና በሎሚ። ላስቲኩን አውልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አሸተትኩት፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። ፈድሊያ ስትመለስ ልነግራት ወስኜ ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ተመለሰች፣ ከሰርጉ የተረፈ ጣፋጭ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ጣፋጩን እየበላሁ ቃል አፈረስኩ ልበላት? ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋው ገበያ ወጣች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዳግመኛ ጣድኩ።

እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ሆነ። በየጠዋቱ ባቄላችንን እንቀቅላለን፣ ፈድሊያ ግማሿን በሳህን ትወስዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ እኔ ቅልጥሜን አስገባለሁ። ወረቀቱ ላይ "ምስር" ብዬ እፈርማለሁ። በዚያ ወረቀት መሠረት ጊንጆ ውስጥ በእኔ ቤት የተበላው ምስር ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። ደንበኛው ስለ ቅቅሉ ምንም አላለም፤ እንዲያውም ሥጋው ለሰለሰ ብለው አሞገሱኝ። ሳሌ ጠፋ። ከግድግዳው ማዶ በማለዳ ጭስ ሲወጣ አይና፣ ይቺ ሴት ሥጋዋን ዛሬም ከጎህ ጀምራለች፣ ምን ያጣድፋታል እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ሰኔ ላይ ሊዮል ደወለ። "እትዬ መቅዲ፣ ሥጋ የሚለው ቦታ ባዶ ነው እኮ። ሐሙስ ገምጋሚ ይመጣሉ።" ፈድሊያ ዘንድ ሄጄ ምን እንበል አልኳት። እሷ ሽንኩርት እየላጠች "ይምጡ፣ አላህ ያውቃል" ብቻ አለችኝ። ፊቷን ላነብ ሞከርኩ፤ በሽንኩርት ምክንያት ሁለታችንም እያለቀስን ነበር።

ሐሙስ በዝናብ መጡ። ሊዮል፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ አለቃው ወይዘሮ ናዝራዊት። ወይዘሮዋ ነጭ ጫማ አድርጋ ጓሯችን ገባች፤ የሰኔ ጭቃ የተቀረውን ሠራላት። ቆርቆሮ ቤቷን አየች፣ ድስቷን እንደ ሕፃን ራስ ደባበሰች፣ ወረቀቱን አገላበጠች። ከዚያ ወደ ፈድሊያ ዞረች። ወደ እኔ ብትዞር ዋሽቼ እገላገል ነበር፣ ልምዱ አለኝ።

"ሥጋም ትሠሪባታለሽ?" አለቻት።

ያለቀልኝ መሰለኝ። ፈድሊያ አትዋሽም። "አልሠራም" ትላለች፣ ድስቷ ትነሳለች፣ እኔ እንጨቴ ስር እመለሳለሁ።

"አዎ" አለች ፈድሊያ። "ሁለታችንም እንሠራባታለን። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ረስተን ነው።"

አፌን መክፈቴን ያወቅሁት ዝንብ ሲገባበት ነው። ወይዘሮ ናዝራዊት ልቅመሰው አለች። ፈድሊያ ጓዳዋ ገብታ ወጥ በሳህን አመጣችላት። እኔ ሽታውን ከሩቅ አወቅሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ በባሕር ዛፍ እንጨት የተንተከተከ ወጥ ነው። ወይዘሮዋ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሊዮል፣ ጻፍ" አለች። "በኤሌክትሪክ ተበስሎ ባህላዊ የጭስ ቃናውን እንኳ አልለቀቀም።"

ሊዮል ጻፈ። ሁለታችንን አቆሙን፣ የድስቷን አንድ ጆሮ እኔ፣ አንድ ጆሮ ፈድሊያ ይዘን፣ ሳቁ አሉን። ሳቅን። ሄዱ።

"ለምን?" አልኳት መኪናው ከመታጠፉ።

ፈድሊያ ሳህኑን ማጠብ ጀመረች። "ከሰቃ የተመለስኩ ዕለት ክዳኑን ስከፍት አወቅሁ። ላስቲኩ ቅቅል ቅቅል ይላል። ሎሚውን አብዝተሽበታል ደግሞ።"

"ሁለት ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ? ባቄላውን እየወሰድሽ?"

"ካልወሰድኩ እንዳወቅሁ ታውቂያለሽ። ባቄላውን ማርያም ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን እልክ ነበር። የእኔን ፉል በሌሊት ተነስቼ በእንጨት እቀቅላለሁ።"

ያ የማለዳ ጭስ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ መሬት ግን የምትፈለግበት ጊዜ አትከፈትም።

"አትናደጅም?" አልኳት።

"ተናድጃለሁ እንጂ። ሥጋው አይደለም ያናደደኝ።" ሳህኑን ደፋችው። "መጀመሪያ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ጠበቅሁ። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር፣ መቅዲ። እንጨት እኔን ገና አልጀመረኝም፣ አንቺን ጨርሶሻል። ብትጠይቂኝ ኖሮ 'ያንቺ ትሁን' ነበር የምልሽ። ዛሬ አንቺን ብዬ ዋሸሁ፣ አስተግፊሩላህ። ሜ፣ እባክሽ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ሄድኩ። ያን ቀን ቅቅሉን ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እኛ ሰኔም አላለፈልንም። በሦስተኛው ቀን ፕሮጀክቱ ፎቷችንን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እኔና ፈድሊያ ድስት ይዘን ጥርሳችን ወጥቶ። ከላዩ "ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ድስት" ይላል። ከሥሩ ደግሞ መቅዲና ፈድሊያ የየራሳቸውን ሥጋ በአንድ ድስት በፍቅር እንደሚያበስሉ በዝርዝር ተጽፏል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ "እንዴት ደስ ይላል" ብሎ ልብ ላከ። ጅማ ያለ ሰው ግን ምሳውን የት እንደበላ ማሰብ ጀመረ።

የእኔዎቹ በቀላሉ ተመለሱ። ሹፌር ከቅቅል ተጣልቶ ብዙ አይቆይም። "እትዬ፣ ድስቷ ከማን ጋር ናት?" ብለው ተሳሳቁና ቁጭ አሉ። የፈድሊያ ቤት ግን በማግሥቱ ጭር አለ። ሀጂ ሀቢቡላህ ከመጋዘናቸው ወጥተው፣ በበሯ በኩል፣ ጃንጥላቸውን በእሷ ወገን አዘንብለው አለፉ። ዘጠኝ ዓመት ከገቡበት በር። እሳቸው ሲያልፉ ሌላው ሁሉ አለፈ። ፈድሊያ በሯ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። አንድም ሰው አልጠራችም፣ ለአንድም ሰው አላስረዳችም። ምን ብላ ታስረዳ? "በድስቷ አልሠራሁም" ካለች ለገምጋሚዋ መዋሸቷ ይወጣል፣ እኔም ድስቷን አጣለሁ።

ለሊዮል ደወልኩ። አውርደው አልኩት።

"እትዬ፣ ሁለት ሺህ ላይክ አግኝቷል እኮ" አለኝ።

"ሁለት ሺው ሰው መጥቶ ፈድሊያ ቤት ቁርስ ይብላላት እንግዲህ።"

እውነቱን አስተካክላችሁ ጻፉ፣ እሷ ሥጋ አብስላባት አታውቅም አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ከተባለ ድስቷን ማንሳት ግዴታው እንደሚሆን ነገረኝ። "እኔ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ፣ እርስዎም እንዳልነገሩኝ ይሁኑ" አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ምን ይባላል።

ፈድሊያም ያንኑ ነው ያለችኝ። "አፍሽን ያዢ። ሰው ይረሳል።" ሰው አይረሳም። ስለ ሥጋ የረሳ ሰው በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። አንድ ሳምንት ቆጠርኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ፉሏ እንደተሠራ ሲደፋ በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። በየቀኑ ግን ትሠራለች፤ በማለዳ ጭሱ ይወጣል። እኔ ደግሞ በዚህ በኩል ያለ ጭስ ቅቅሌን እየሸጥኩ፣ በጥሩ ሳንባ እተነፍሳለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሀጂ መጋዘናቸው ደጅ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሰባት ስምንት ሰው ጋር። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና ፊታቸው ቆምኩ።

"ሀጂ፣ አንድ ነገር ልናገር መጥቼ ነው።"

"ተናገሪ፣ ልጄ።"

ተናገርኩ። ድስቷ ጾመኛ እንደነበረች፣ ቃል እንደገባን፣ ፈድሊያ ሰቃ በሄደችበት ቃሌን እንዳፈረስኩ። አውቃ ዝም እንዳለች፣ ሁለት ወር በሌሊት እየተነሳች ፉላችሁን በእንጨት እንደቀቀለች። "ከዚያች ድስት ሥጋዬ ከገባባት ወዲህ አንድ ፍሬ ባቄላ አልበላችሁም። ቀማኛዋ እኔ ነኝ። እሷ ድስቷን ለእኔ ሳንባ ብላ ነው የተወችው።"

ከሰዎቹ አንዱ ሊስቅ ጀመረ፣ ሀጂ አዩት፣ ተወው።

"ዱጋ ነው?" አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

"እውነት ነው። ልጆቼን ይንሳኝ እንዳልል ልጅ የለኝም። ቤቴን ይንሳኝ።"

ሀጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። "ይህን በመናገርሽ ድስቷን ያነሱብሻል?"

"ያነሱብኛል።"

"ታዲያ በምን ታበስያለሽ?"

አላውቅም አልኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ጃንጥላቸውን አጥፈው ፈድሊያ ቤት ገቡ፣ ከኋላቸው ሌላው ሁሉ ገባ። በግድግዳው በኩል የሳህን ድምፅ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልክድም።

ወሬ ጅማ ውስጥ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ማክሰኞ ሊዮል ካርቶን ይዞ መጣ። እንዳልሰማ መሆን አልቻለም፤ አለቃው ሰምታለች። ድስቷን ጠቀለላት። ሰቃ ለማን ልትሰጡ ነው አልኩት። ፊቱ ትንሽ በራ። ፎቶው በጣም ስለተወደደ እዚያም አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን መርጠናል አለኝ። "ሥጋ ቤት አላቸው?" አልኩት። "አዎ፣ ሁለቱም" አለኝ። ኪሱን ሁሉ ዳብሶ እስክርቢቶ አጣ፤ በእኔ እስክርቢቶ አስፈረመኝና ሄደ።

እንጨት ገዝቼ አንድ ቀን ሞከርኩ። ውኃው ሳይፈላ ወጥቼ ጓሮ ቁጭ አልኩ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ ቅቅል ብለው ለመጡት ሹፌሮች ዛሬ ሌላ ቤት ብሉ አልኳቸው። በበነጋው ቤቱን ለመዝጋት ጠረጴዛዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ።

ፈድሊያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከደጅ መጣች። ደንበኞቿን ትታ ነው የመጣችው፣ ከማዶ ይጠሯታል። ምስጋና የጠበቅሁ ሞኝ እኔ ነኝ።

"ማን ተናገሪ አለሽ?" አለችኝ።

"ቤትሽ ባዶ ሆኖ ዝም ልበል?"

"እኔ ባዶ ቤት ብቀመጥ እተነፍሳለሁ። አንቺስ?" በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። ከሽንኩርት ውጭ ፈድሊያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። "ሁለት ወር ሙሉ ያን ጭስ የጠጣሁት፣ በዕድሜዬ ያልዋሸሁትን ዋሽቼ የቆምኩት፣ አንቺ ይህን ቤት እንድትዘጊ ነው?"

ደጅ የቀረውን የመጨረሻ ጠረጴዛ፣ ካርቶን የገባለትን፣ ልጎትት ጎንበስ አልኩ።

ፈድሊያ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን ያዘች፣ እኔ በሌላው ያዝኩ፣ ተጋግዘን ወደ ውስጥ አስገባነው።